መጋቢነት በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ

መጋቢነት ክርስቲያን ገንዘቡን፣ ምርቱንና ከብቱን ከእግዚአብሔር የተቀበለው አደራ አድርጎ የሚይዝበት አኗኗር ነው። ቃሉ «መገበ» ከሚለው የግእዝ ግስ ይወጣል፤ መገበ ማለት አበላ፣ አስተዳደረ ማለት ነው። በገዳም መጋቢ የሚባለው የማኅበሩን እህልና ንዋይ የሚጠብቀው ሹም ሲሆን፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ መጋቢ የእረኛው ማዕረግ ሆኗል። የደባርቅና የዳባት ገበሬ ግን ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር አሥራት፣ በኩራት፣ ስለት፣ ዝክር ነው የሚለው።

በአካባቢው ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሀብት ማለት መሬት ነበር። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በተስፋፋው የሪም ሥርዓት መሬቱን የያዘ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን የማገልገል ግዴታ ነበረበት። ሪም ይወረሳል፤ ይሸጣልም። የሽያጩ ውል ከነምስክሮቹ ስም የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያኑ የብራና መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ስለነበር፣ ቅዱሱ መጽሐፍ የርስት መዝገብም ሆኖ አገልግሏል። የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች የጎንደርን የመሬት ታሪክ ካወቁባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ይኸው ኅዳግ ነው።

የዚያን ዘመን ባለጸጋ ምጽዋት በጉልህ የሚያሳየው በጃናሞራ የሚገኘው ደረስጌ ማርያም ነው። ያሠሩት የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በሥራው ተካፍሏል። ውቤ ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ተሸነፉ፤ ድል አድራጊው ካሳ ኃይሉም በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ንጉሡ ቆየት ብለው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፤ ከእነርሱ መተዳደሪያ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ። ጠቡ በማን መሬት ማን ይብላ ብቻ አልነበረም፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ሀብት ለድሃው ካልደረሰ ማን ይጠይቃል የሚለውም በውስጡ ነበረበት፤ ጥያቄው ንጉሡ ከሞቱም በኋላ አልሞተም።

መልሱን በከፊል ያመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ የገጠሩም ቄስ እንደ ጎረቤቱ ገበሬ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሆነ። እንደ አጋጣሚ አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ሳሉ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ለዚህ ጊዜ የሚሆን መዋቅር አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ደንብ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ የአጥቢያውን ገቢና ወጪ ይቆጣጠራል። አደራው ከባለ መሬቱ እጅ ወጥቶ ወደ ምእመኑ ተላለፈ ማለት ነው።

ሆኖም «አሥራት» የሚለው ቃል በገበሬው ጆሮ ሌላ ትዝታ አለው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር እስኪተካ ድረስ አሥራት መንግሥት የሚያስከፍለው ግብርም ነበርና፣ ሰባኪው ሚልክያስ ምዕራፍ 3ን ሲያስተምር ግዴታን ከፈቃድ ስጦታ መለየት ይኖርበታል።

በደጋው ከብር ይልቅ ገብሱ ነው የሚሰጠው። ገብስ፣ ባቄላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ለንግሥ በዓል የተሳለ በግ ወይም ጃንጥላ ይመጣል፤ የስለቱ ዕቃ በቅጽሩ ውስጥ በጨረታ ይሸጥና ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግን የሰዉን ኑሮ የሚያያይዘው ማኅበርና ሰንበቴ ነው። በማኅበር ተረኛው በቤቱ ዳቦ ጋግሮ ጠላ ጠምቆ በቅዱሱ ስም አባላቱን ያበላል፤ ጽዋውንም ለቀጣዩ ያስረክባል። ሰንበቴው ደግሞ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይካሄዳል፤ ነዳያንም ከዚያ ይቀምሳሉ። ሙሴ የተባለው መሪ ተራውን ይጠብቃል። ደሃውም ሀብታሙም በየተራው ጋባዥ ስለሚሆን ማንም ሁልጊዜ ተመጽዋች ሆኖ አይቀርም፤ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥበብ ይኼ ይመስላል።

ተዝካር ላይ ነገሩ ይከብዳል። ለሞተ ሰው ነፍስ ድሆችን ማብላት የቆየ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ድግሱ ለስም ሲደገስ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ የእርሻ በሬው ይታረዳል፤ ልጆቹም በሚቀጥለው ክረምት በሬ ፍለጋ ጎረቤት ይለምናሉ። ሙታንን ማሰብ በጸሎት፣ በቅዳሴና ለነዳያን በሚሰጥ ጥቂት እንጀራም ይፈጸማል፤ የሞተውን ለማክበር ሕያዋኑን ማደህየት አያስፈልግም። ይህን ደፍሮ የሚናገር የንስሐ አባት ለቤቱ ትልቅ ውለታ ይውላል።

ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ ከቆላው ሲደርሱ ሌላ ዓይነት አያያዝ ይገኛል። በአቡነ ሳሙኤል ስም በሚታወቀው የዋልድባ ገዳም እህል አይበላም፤ መነኮሳቱ የሚመገቡት ቋርፍ የሚባል እህል ያልገባበት ምግብ ነው፤ በአንድነት የሚኖሩትም የግል ሀብት የላቸውም። የደጋው ገበሬ በዓመት አንዴ ከምርቱ ከፍሎ የሚሰጠውን እነርሱ በምንኩስናቸው ቀን ጠቅልለው ሰጥተዋል፤ የዕለቱንም ድርሻቸውን ከመጋቢው እጅ ይቀበላሉ።