ቦይ ስካውትና ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉት ትልልቅ ሰዎች

በኃይለ ሥላሴ ዘመን በከተማ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ቦይ ስካውትን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ያደገው ትውልድ ግን የወጣት ማኅበር ሲባል ትዝ የሚለው የደርጉ አኢወማ ነው፤ እዚያ ቤት «በፈቃድ» ማለት ምን ማለት እንደነበረ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ አሜሪካን አገር ልጁ የስካውት ወረቀት ይዞ ሲመጣና ከሥሩ «ፈቃደኛ ወላጆች እንፈልጋለን» የሚል ሲያነብ፣ ብዙ ወላጅ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጠዋል። ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የስካውት መሥራች እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፓወል በ1907 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ድንኳን ተከለ። የሀብታምና የሠራተኛ ልጆችን ቀላቅሎ በአራት ቡድን ከፈላቸው፤ የየቡድኑ አለቃም ራሱ ልጅ ነበር። በ1908 መጽሐፉ ሲወጣ ልጆች እያነበቡ በየሰፈሩ በራሳቸው ቡድን አቋቋሙ፤ የሚመራቸውን ትልቅ ሰው የፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። ስካውት ማስተር የሚባለው እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ለምነው ያመጡት ሰው ነበር። ቤደን ፓወልም ይህ ሰው እንደ አስተማሪ ወይም እንደ መቶ አለቃ ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም እንዲሆን ይመክር ነበር። ከ1919 ጀምሮ ለንደን አጠገብ ጊልዌል ፓርክ ላይ ለእነዚህ ሰዎች ሥልጠና ይሰጥ ጀመር።

የአሜሪካው ድርጅት የተቋቋመው በ1910 ነው። ስካውት ማስተሩ ከልጆቹ ጋር ይውላል፤ ገንዘቡን፣ ወረቀቱንና መጓጓዣውን የወላጆች ኮሚቴ ይይዛል፤ መካኒኩ ስለ መኪና፣ ነርሷ ስለ መጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ታስተምራለች። ለስካውት ማስተሮች በ1936 የወጣውን መመሪያ የጻፈውም ዊልያም ሂልኮርት የሚባል፣ ከዴንማርክ የመጣ ስደተኛ ነው። አገሩን ከረገጠ ገና አሥር ዓመቱ ነበር።

ሴቶች ግን ደጅ ጠንተዋል። በ1930 የትንንሾቹ ስካውቶች ክፍል ከተከፈተ በኋላ እናቶች ልጆቹን በየቤታቸው እንዲሰበስቡ ተፈቀደላቸው፤ የትልልቆቹ መሪ መሆን ግን የወንድ ብቻ ነበር። በኮነቲከት፣ ሚልፎርድ ከተማ፣ በ1970ዎቹ አንድ የስካውት ቡድን ወንድ መሪ ስላጣ ካትሪን ፖላርድ የተባሉ ሴት ሥራውን ይዘው ልጆቹን ይመሩ ነበር። ሹመቱን ሲጠይቁ ድርጅቱ ከለከላቸው፤ ልጆች የወንድ አርአያ ያስፈልጋቸዋል ነው ምክንያቱ። የመጣ ወንድ ግን አልነበረም! እርሳቸውም ከሰሱ። በ1987 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። በዓመቱ፣ በ1988፣ ድርጅቱ ራሱ ሕጉን አነሣና በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ስካውት ማስተር ሆኑ፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር።

ወላጅ ማወቅ የሚገባው ክፉ ምዕራፍም አለ። ድርጅቱ ልጆችን በደፈሩ መሪዎች ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የምሥጢር መዝገብ ይይዝ እንደነበረና ብዙውን ጊዜ ለፖሊስ ሳያሳውቅ በዝምታ ያሰናብት እንደነበረ ተጋልጧል። ክሱ በዝቶ በ2020 ኪሣራ አወጀ፤ ከ82,000 በላይ ሰዎች በልጅነታችን ተበድለናል ብለው አመለከቱ። ብዙውን ጊዜ እምነቱ የተጣለው በአንድ ሰው ላይ ነበር፤ ልጅ ብቻውን ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ድንኳን ውስጥ ሲገባ የሚያይ አልነበረም።

ዛሬ ደንቡ ሌላ ነው። ፈቃደኛ የሚሆን ሰው ጀርባው ይጠናል፣ ልጆችን ስለ መጠበቅ ይሠለጥናል፤ ከ21 ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት የተመዘገቡ መሪዎች ከሌሉ ስብሰባም ጉዞም የለም፤ ወላጅም በፈለገ ጊዜ ገብቶ ማየት መብቱ ነው። ሴት ልጆችም ከ2019 ጀምሮ በትልልቆቹ ክፍል ስለሚመዘገቡ፣ እነርሱ ባሉበት ጉዞ ሁሉ ቢያንስ አንዷ መሪ ሴት መሆን አለባት። ሴት ከሌለች ጉዞው ይቀራል።