ስንት ሰጡን ወይስ ስንት ከፈሉን?

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ የቡናን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው? አብዛኞቻችን «ገበያው ነዋ!» እንላለን። ገበያው ግን እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ደንቡን የሚያወጡትም የሚያፈርሱትም ሰዎች ናቸው። ያለፉት 60 ምናምን ዓመታት የቡና ታሪክ ይህንኑ ነው የሚነግረን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1962 ቡና አምራችና ገዢ አገሮች ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ፈረሙ። እያንዳንዱ አምራች ለገበያ የሚልከው መጠን በኮታ ተወሰነ፤ ዓላማው ዋጋው እንዳይወድቅ መደገፍ ነበር። ትልቋ ገዢ አሜሪካ ለምን ተስማማች? ለገበሬው አዝና ብቻ አይደለም። የኩባ አብዮት ገና ትኩስ ነበር፤ የከሰረው የላቲን አሜሪካ ገበሬ ወደ ኮሚኒስቶቹ እንዳይሄድ ሰግታለች።

ቀዝቃዛው ጦርነት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ስጋቱም በረደ። አምራቾቹ ራሳቸው በኮታው ክፍፍል አልተስማሙም፤ አሜሪካም ስምምነቱን ለማዳን እንደ ድሮው አልጓጓችም። በሐምሌ 1989 ኮታው ቀረ፣ ዋጋውም ወዲያው አሽቆለቆለ። በ1990ዎቹ ደግሞ ቬትናም በብዛት አምርታ ገበያውን አጥለቀለቀችው። በ2001 መጨረሻ አንድ ፓውንድ አረቢካ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ያህል፣ በኒው ዮርክ ገበያ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አልነበረም።

በ2002 እና 2003 ድርቅ መጣ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ድርቁን ያመጣው የቡና ዋጋ አይደለም። ቡና አምራቹ ቤተሰብ ግን ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ገንዘብ አልነበረውም። በአንድ እጃቸው ስንዴ የሰጡን አገሮች በሌላው እጃቸው ቡናችንን በርካሽ ይገዙ ነበር። ስንዴው በዜና ይነገራል፤ የቡናው ዋጋ ግን ብዙም አይወራለትም።

በ2005 ኢትዮጵያ ሌላ መንገድ ሞከረች። ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር «ስሞቹ የቡና ዓይነት የወል መጠሪያ ናቸው» ብሎ ተቃወመ። ስታርባክስም «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት ምልክት ቀድሞ አመልክቶ ነበር። አስቡት፤ የሰፈራችሁን ስም ሌላ ሰው ሲያስመዘግበው! በ2006 ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው አቤት አሉ። በሰኔ 2007 ስታርባክስ በስሞቹ በኢትዮጵያ ፈቃድ ለመጠቀም ፈረመ።

ሁሉም ነገር ተፈታ ማለት አይደለም። ለፈቃዱ ክፍያ አይጠየቅም፤ ውሉ ብቻውንም ለገበሬው የተቆረጠ ዋጋ አያስገኝለትም። ግን በ1962ቱና በ2007ቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። የመጀመሪያው ዋጋ የቆመው በሌሎች ስጋት ላይ ስለነበር ስጋቱ ሲያልፍ አብሮ አለፈ። ሁለተኛው የቆመው የራሳችን በሆነ ነገር ላይ ነው፤ የሌሎች ስሜት ስለተለወጠ ብቻ አይቀርም።

ስለዚህ ስለ እርዳታ ስንከራከር «ስንት ሰጡን?» ብለን ብቻ አናቁም። «ለሸጥንላቸውስ ስንት ከፈሉን? ደንቡ ሲጻፍስ እኛ የት ነበርን?» ብለን እንጨምርበት።