ከባጥሐ እስከ መካ፦ በአንድ ዋጋ የሚጠቃለል ጉዞ ታሪክ

ሁሉን ያካተተ ጉዞ ማለት መጓጓዣው፣ ማደሪያው፣ እንደ ውሉም ምግቡና አስጎብኚው አስቀድሞ በሚከፈል አንድ ዋጋ የሚጠቃለሉበት ጉዞ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ይበልጥ የሚታወቀው በካሪቢያን ደሴቶች የዕረፍት ጉዞ ነው። በዐረብ ምድር ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው፤ የተጀመረውም ለአምልኮ በሚደረግ ጉዞ ነው። የሪያድ አሮጌ የገበያ ሰፈር የሆነችው ባጥሐ ይህ ታሪክ በዘመናችን ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ወደ መካ ለዑምራ (ከሐጅ ወቅት ውጭም ለሚደረገው አነስተኛ መንፈሳዊ ጉዞ) የሚሄዱ አውቶቡሶች ከዚህ ሰፈር ይነሣሉ፤ ከተሳፋሪዎቻቸው መካከልም ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ የመጡ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባጥሐ አመጣጥ

ባጥሐ ስሟን የወሰደችው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሚወርድ ደረቅ ሸለቆ ነው። ሪያድ በጭቃ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ በነበረችበት ዘመን ሸለቆው ከግንቡ በስተምሥራቅ ይገኝ ነበር። ዓመቱን አብዛኛውን ደርቆ ይከርምና ዝናብ ሲጥል በጎርፍ ይሞላል። ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድ በ1902 የመስመክን ምሽግ ይዞ ሪያድን ከተቆጣጠረ በኋላም ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት ከግንቧ ብዙም ሳትርቅ ቆየች።

ለውጡ በፍጥነት የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ግንቡ በ1950 ገደማ ፈረሰ። በ1951 ከደማም ወደብ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሪያድ ደረሰ። በተከታዮቹ ዓመታት መሥሪያ ቤቶች ከጅዳ ወደ ሪያድ ተዛወሩ። ከተማዋ ከግንቧ ወጥታ ስትሰፋ ባጥሐ ከመጀመሪያዎቹ የንግድ ሰፈሮች አንዷ ሆነች፤ የጎርፉ መውረጃም በጊዜ ሂደት ተሸፍኖ በላዩ ዋና ጎዳና ተሠራበት። ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት በኋላ ከእስያና ከአፍሪካ የጎረፈው ሠራተኛ መገበያያውን እዚህ አደረገ። ባለጸጎቹ የሪያድ ነዋሪዎች ወደ ሰሜን፣ ወደ ዑለያና ከዚያም ወዲያ ሲሄዱ ባጥሐ የስደተኛው ሠራተኛ መሐል ከተማ ሆና ቀረች። የኬረላ ገበያና የፊሊፒን ገበያ የሚባሉት መደብሮች የዚህ ዘመን ምልክቶች ናቸው።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩት ከባጥሐ በስተደቡብ በምትገኘው በመንፉሐ ነው። ባጥሐ ግን ለእነሱም ለሌላውም ስደተኛ ገንዘብ የሚላክባት፣ ዕቃ በካርጎ የሚጫንባት፣ ወርቅና ልብስ የሚገዛባት ቦታ ናት። የጉዞ ቢሮዎቹ እዚህ የበዙትም ደንበኛው እዚሁ ስለሚገኝ ነው።

በግመል ዘመን

ለመካ ተጓዥ ትልቁ ጭንቀት ሁልጊዜም ውኃ፣ ስንቅና ደኅንነት ነበር። በ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ9ኛው መጀመሪያ የኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ሚስት ዙበይዳ ከኢራቋ ኩፋ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ የውኃ ማጠራቀሚያዎችና ማረፊያዎች አሠርታለች፤ መንገዱም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ይህ ለተጓዡ በነጻ የቀረበ በጎ አድራጎት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አገልግሎቱን በዋጋ የሚሸጥ ሙያ አደገ።

ስዊሳዊው ተጓዥ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት በ1814 መካን ባየ ጊዜ በደማስቆ ቅፍለት ውስጥ ሙቀዊም የሚባሉ ሥራ ተቋራጮችን አግኝቷል። አንድ ሙቀዊም ከሃያ እስከ ሠላሳ ለሚሆኑ ሐጃጆች ግመል፣ ድንኳንና አገልጋይ ያቀርባል። ቁርሱም እራቱም ቡናውም በእሱ ሰዎች ይዘጋጃል። የአንዱ ተጓዥ ግመል በመንገድ ቢሞት ሌላ የመተካት ግዴታው የሙቀዊሙ ነው። ተጓዡ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ስለ ምንም ነገር ማሰብ አይጠበቅበትም ነበር። ይህ በሁሉም ረገድ ሁሉን ያካተተ ጉዞ ነው። የዚህ ንግድ ዋና ቁም ነገርም እዚሁ ላይ ይታያል፤ ተጓዡ የሚገዛው ግመልና ምግብ ብቻ አይደለም፣ በመንገድ የሚደርሰውን ችግር ሌላ ሰው እንዲሸከምለት ጭምር ነው የሚከፍለው።

ከሪያድ የሚነሣው ተጓዥ እንዲህ ያለ ምቾት አልነበረውም። ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድ ራሱ በ1924 መጨረሻ ከሪያድ ወደ መካ በግመል ሲሄድ ጉዞው ከሦስት ሳምንት በላይ ወስዶበታል። የኢትዮጵያው ሐጃጅ መንገድ ደግሞ ከዚህም የረዘመ ነበር። ከወሎና ከሌላውም የአገሪቱ ክፍል በእግርና በበቅሎ ወደ ምጽዋ፣ ወደ ታጁራ ወይም ወደ ዘይላ ይወርድና ቀይ ባሕርን በሳንቡክ ይሻገራል። እያንዳንዱን ወጪ በየደረሰበት ይከፍላል፣ ስንቁ ካለቀም ሠርቶ ወይም የሰው እጅ ጠብቆ ይቀጥላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በረራ ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሐጅ ወቅት ወደ ጅዳ ልዩ በረራ ማድረጉ ይህን የወራት ድካም ወደ ሰዓታት አሳጠረው።

ከእንግሊዝ እስከ ካሪቢያን

በአውሮፓ ጥቅል ጉዞ የተጀመረው በባቡር ነው። ቶማስ ኩክ ሐምሌ 5 ቀን 1841 አምስት መቶ ያህል ሰዎችን በአንድ ሽልንግ ከሌስተር ወደ ላፍብራ ወስዶ መለሰ። የእሱ ድርጅት ሲያድግ ወደ መካ ጉዞም ገባ፤ በ1886 የብሪታንያ የሕንድ መንግሥት የሕንድ ሐጃጆችን ጉዞ እንዲያሰናዳ አደራ ሰጥቶት ነበር። ሥራው ለድርጅቱ አላዋጣም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተወው።

የዕረፍት ጉዞው መልክ የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዤራር ብሊትዝ የተባለ ቤልጅጋዊ በ1950 ክለብ ሜዲቴራኔን ያቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የድንኳን መንደርም በስፔኗ የማዮርካ ደሴት ተተከለ። በዚያ ምግቡና ስፖርቱ በዋጋው ውስጥ ነበር። ሐሳቡ ወደ ካሪቢያን ተሻግሮ በጃማይካ አዲስ መልክ ያዘ። ጆን ኢሳ በ1978 በኦቾ ሪዮስ ለጥንዶች ብቻ የሚሆን ሁሉን ያካተተ ሆቴል ከፈተ፤ ጎርደን ስቱዋርትም በ1981 በሞንቴጎ ቤይ የመጀመሪያውን ሳንዳልስ ሆቴል አስመረቀ። ከዚያ ወዲህ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን ጨምሮ ብዙዎቹ ደሴቶች በዚሁ መንገድ ሄዱ። ከመኝታ እስከ መጠጥ ሁሉም ነገር በሆቴሉ ግቢ ስለሚገኝ እንግዳው ከግቢው ብዙም አይወጣም፣ የደሴቲቱ ባለሱቅና ባለምግብ ቤትም ከገንዘቡ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ይህ በካሪቢያን እስከ ዛሬ የሚነሣ ወቀሳ ነው።

አስፋልቱና አውቶቡሱ

ሪያድን ከመካ ያቀራረበው የመኪና መንገድ ነው። ከጣኢፍ ወደ መካ በሀዳ ተራራ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በ1965 ተከፈተ። ከሪያድ በሙዛሒሚያ፣ በቁወይዒያና በዙልም በኩል ጣኢፍ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ሲጠናቀቅ በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ወደ 870 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሆነ። በ1979 የሳዑዲ የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ሳፕትኮ ሲቋቋም ደግሞ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረገው የአውቶቡስ ጉዞ መደበኛ አገልግሎት ሆነ። የግል የጉዞ ቢሮዎች በዚህ ላይ ሆቴል ጨምረው የዑምራ ጥቅል ሸጡ።

የባጥሐው ጥቅል የተቀረጸው በሠራተኛው የዕረፍት ቀን ልክ ነው። እስከ 2013 አጋማሽ የሳምንቱ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ ስለነበር ዋናው መነሻ ረቡዕ ማታ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ዕረፍቱ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ሲዛወር አውቶቡሱም ወደ ሐሙስ ማታ ተሸጋገረ። ተጓዡ ስሙንና የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥሩን ያስመዘግባል፣ ዋጋውን ይከፍላል፣ ከአቅራቢያው ሱቅ ያልተሰፉ ሁለት ነጫጭ ጨርቆች፣ ኪስ ያለው ቀበቶና ነጠላ ጫማ ይገዛል። አውቶቡሱ ሌሊቱን ሲነጉድ ያድርና ጣኢፍ አካባቢ ባለው ሚቃት፣ ማለትም ሪያድ ያለችበት የነጅድ ሰዎች ኢሕራም በሚታጠቁበት በቀርን አል-መናዚል፣ ይቆማል። ተሳፋሪው እዚያ ታጥቦ ነጫጩን ጨርቅ፣ ኢሕራሙን፣ ይታጠቃል፣ ዑምራ ለማድረግ ይነይታል፣ ተልቢያ የሚባለውን ጸሎት እያለም ቀሪውን መንገድ ይወርዳል። መካ ሲደርስ የዑምራውን ሥርዓት፣ ጦዋፉንና ሰዕዩን፣ ይፈጽማል፣ ጁሙዓን በሐረም (በታላቁ መስጊድ) ይሰግዳል፣ አድሮም ይመለሳል። መዲናን የሚጨምረው ጥቅል ቀን ይረዝማል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ይህ ጥቅል ከካሪቢያኑ የሚለየው ዋጋው በሚያካትተው ነገር ነው። በርካሹ የዑምራ ጥቅል ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስና አልጋ ብቻ ነው፣ ምግቡን ተጓዡ ራሱ ይገዛል። አንዱን ክፍል አራት ወይም አምስት ሰው ይጋራዋል። ዋጋን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሆቴሉ ከሐረም ያለው ርቀት ነው። በ2002 በሐረሙ አጠገብ የነበረው የአጅያድ ምሽግ ፈርሶ በቦታው የሰዓት ማማ ያለባቸው የአብራጅ አል-በይት ሕንጻዎች ከተሠሩ ወዲህ በሐረሙ ዙሪያ ያለው ማደሪያ ተወድዷል፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛም ራቅ ወዳሉት ሰፈሮች ተገፍቷል። ለሙስሊም ላልሆነው ኢትዮጵያዊ ደግሞ መካ ስለማይፈቀድ ይህ ጉዞ ከመጀመሪያውም አይመለከተውም።

የሐጅ ጥቅል

ከዑምራው በላይ የተሟላው የሐጅ ጥቅል ነው። ከአገር ውስጥ የሚነሡ ሐጃጆችን የሚወስዱት ድርጅቶች ሐምላ ይባላሉ፣ ዋጋቸውም አውቶቡስን፣ በመካ አቅራቢያ ባሉት በሚናና በዐረፋ የሚተከለውን ድንኳን፣ ምግብንና መሪን ያጠቃልላል። በሚያዝያ 1997 በሚና የተነሣው እሳት 343 ሰዎችን ከገደለ በኋላ ድንኳኖቹ እሳት በማይበላው ጨርቅ ተተክተዋል። ከሳዑዲ ውስጥ የሚነሣ ነዋሪ ሐጁን የሚደግመው ከአምስት ዓመት በኋላ እንዲሆን ደንብ ወጥቷል፣ ሐጅ ለማድረግም ፈቃድ የግድ ነው።

ዋጋው ለቀን ሠራተኛ ከባድ ነው። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ሐጁ በአገር ውስጥ ለሚኖሩ 60,000 ሰዎች ብቻ በተፈቀደበት በ2021 ዝቅተኛው ጥቅል ከ12,000 ሪያል በላይ ነበር። በ2023 ዝቅተኛው ወደ 3,984 ሪያል ቢወርድም የብዙ ቤት ሠራተኞችና እረኞች የወራት ደመወዝ ነው።

ፈቃድና ኃላፊነት

በ2020 ዑምራ ከወረርሽኙ እገዳ በኋላ ሲከፈት ኢዕተመርና የሚባል የስልክ መተግበሪያ ፈቃድ መስጫ ሆነ፤ በ2022 ደግሞ ኑሱክ የተባለው መድረክ ሥራውን ተረከበ። ቀድሞ ኢቃማ የያዘ ነዋሪ በፈለገው ሳምንት ተነሥቶ ዑምራ ያደርግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀንና ሰዓት አስይዞ መሄድ ልማድ ሆነ። ኢቃማ የሌለው ስደተኛ ሠራተኛ ግን በዚያም በዚህም ከጉዞው ውጭ ነው። በኅዳር 2013 በመንፉሐ ግጭት የተነሣበትና ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው የተመለሱበት የአፈሳ ዘመን ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ወረቀት የሌለው ሰው በኬላ ማለፍ ያስፈራዋልና በአውቶቡስ መጓዙ ራሱ አደጋ ሆኖበት ኖሯል።

መንገዱም የራሱ አደጋ አለው። በጥቅምት 2019 በመዲና አቅራቢያ የዑምራ ተጓዦችን የጫነ አውቶቡስ ከከባድ መሣሪያ ጋር ተጋጭቶ በእሳት ሲጋይ 35 ሰዎች ሞተዋል። በ2024 ሐጅ ደግሞ ከኃይለኛው ሙቀት ጋር በተያያዘ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ገልጿል። ከሟቾቹ 83 በመቶ የሚሆኑት ፈቃድ ያልነበራቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች የቀዘቀዘ ድንኳንና አውቶቡስ የሚሰጠውን ጥቅል ስላልያዙ በጠራራ ፀሐይ ረዥም መንገድ በእግራቸው ሄደዋል። በጥቅሉ ውስጥ ያለና የሌለ ነገር የሰውን ሕይወት እንደሚወስን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

እንግዲህ ከሙቀዊሙ ግመል እስከ ኑሱክ ያለው ታሪክ አንድ ፍሬ ነገር ያስረዳል። የጥቅል ዋጋ ርካሽ ወይም ውድ መሆኑ በእርግጥ የሚታወቀው ችግር በደረሰ ጊዜ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ ሲታይ ነው። ስለዚህ ከባጥሐ ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቢሮው ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ሆቴሉ ከሐረም ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ምግብ መኖር አለመኖሩን፣ አውቶቡሱ ቢበላሽ የሚተካው ማን እንደሆነ ይጠይቅ፣ ለከፈለውም ደረሰኝ ይቀበል። ለሐጅ ደግሞ ከሕጋዊው መንገድ ውጭ ፈቃድ በርካሽ አስገኝልሃለሁ የሚል ደላላን አይመን።