ከልደታ ችሎት እስከ ስልካችሁ፦ የተቆለፈ መልእክት ታሪክ

ልደታ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ኮንዶሚኒየሙ? ባቡሩ? ቤተ ክርስቲያኑ? እዚያው ልደታ፣ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታየ አንድ ክስ በእጃችሁ ካለው ስልክ ጋር ይገናኛል።

ነገሩ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ወጣቶች «ዞን 9» ብለው ተሰባሰቡና በኢንተርኔት መጻፍ ጀመሩ። ቃሊቲ እስር ቤት ያኔ 8 ዞን ነበረው፤ 9ኛው ከአጥሩ ውጪ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። ገጻቸው ብዙም ሳይቆይ አገር ውስጥ እንዳይከፈት ሲደረግ ውይይቱን ፌስቡክ ላይ ቀጠሉ።

ዘዴያቸው ቀላል ነው። አዲስ ሕግ አልጠየቁም፤ ያለውን ሕገ መንግሥት አንስተው «ይከበር» አሉ። በተመረጡ ቀናት ብዙ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲጽፍ ዘመቻ ይጠሩ ነበር። ልብ በሉ፦ ሐሳብን ስለ መግለጽ ነጻነት የሚደነግገውን አንቀጽ 29 ለብቻ ብታነቡት ለፈተና ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ሲከራከሩበት ግን ራስን በራስ የማስተዳደር ልምምድ ይሆናል።

ሚያዝያ 2006 ላይ 6 ጦማሪዎችና 3 ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በኋላም በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። በክሱ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ የኢንተርኔት ግንኙነታቸውን ደኅንነት ለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። የዚህ ጥበቃ ዋናው መሣሪያ ኢንክሪፕሽን ነው። መልእክታችሁ ከስልክ ሲወጣ በሒሳብ ስሌት ይመሰቃቀላል፤ መልሶ የሚያነበው ቁልፉ ያለው ተቀባይ ብቻ ነው። ፖስታ እንደ ማሸግ ቁጠሩት።

ሐምሌ 2007 ላይ የ5ቱ ክስ ተቋረጠ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አወጣ፤ አንዱ ጦማሪ ግን ሁከት በማነሳሳት እንዲከላከል ተባለ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 2008 ላይ፣ ዋትስአፕ ኢንክሪፕሽንን ለቢሊዮን ተጠቃሚዎቹ ሁሉ አዳረሰ። ሰዎቹ ከመታሰራቸው በፊት የተማሩት ጥንቃቄ ለቤተሰብ ግሩፕ ሳይቀር ተራ ነገር ሆነ።

አዎ፣ ቁልፍ ለክፉም ይውላል። ነገር ግን በሩን የቆለፈ ሁሉ ሌባ አይደለም። አደባባይ ወጥቶ ከመከራከር በፊት ከጓደኛ ጋር መመካከር አለ፤ «ይሄ ሐሳቤ ያስኬዳል?» ብሎ መጠየቅ አለ። ይህን የሚሰማ ሦስተኛ ጆሮ ካለ ብዙ ሰው አደባባዩ ጋ ሳይደርስ ዝም ይላል።

ዛሬ ማታ ሕገ መንግሥቱን ክፈቱና ከአንቀጽ 29 ትንሽ ወደ ኋላ፣ አንቀጽ 26ን አንብቡ። በፖስታም፣ በስልክም፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የምትለዋወጡት መልእክት እንደማይደፈር ከ1987 ጀምሮ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።