«ምንም የለብህም»

«ምንም የለብህም» የምትባለውን ቃል ከሐኪም አፍ ያልሰማ ስንቱ ነው? ራጁ ንጹሕ፣ ደሙ ንጹሕ፤ ወገቡ ግን ሌሊቱን ሲቆረጥመው ያድራል። በሽተኛው ወረቀቱን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ተለማማጅ ሐኪምም አልቀናውም። የተማረው የበሽታውን ምክንያት ፈልጎ ማግኘትና መንቀል ነው። ያው ሰው በወሩ ተመልሶ ሲመጣ የራሱ ሽንፈት በበር የገባ ይመስለዋል። ሽንፈት ደግሞ ቶሎ ወደ ቁጣ ይለወጣል፤ «ይሄ ሰውዬ አመለኛ ነው» ማለት ይጀምራል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ጆን ቦኒካ በ1917 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው) ሲሲሊ አጠገብ ባለች ደሴት ተወልዶ በልጅነቱ ኒውዮርክ ገባ። ጫማ እየጠረገ፣ ጋዜጣ እያዞረ አደገ። ሕክምና ሲማር ወጪውን የሸፈነው በትግል ግጥሚያ ነበር፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም ጭምብል ያጠልቅ ነበር።

በ1944፣ ሥልጠናውን ከጨረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በማዲጋን የጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ገና 27 ዓመቱ ነው። እዚያ ቁስላቸው ድኖ ሕመማቸው ያልዳነ ወታደሮች ገጠሙት። መጻሕፍት ቢያገላብጥ የረባ መልስ አጣ። ታዲያ «ምንም የለባችሁም» አላለም። የነርቭ፣ የአጥንትና የአእምሮ ሐኪሞችን ሰብስቦ ስለ አንድ በሽተኛ አብረው እንዲመክሩ አደረገ። ከዚህ ልምዱ በ1953 ስለ ሕመም ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1973ም የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበር እንዲመሠረት መንገዱን ጠረገ።

ለምን እሱ? ትግሉ መገጣጠሚያውን ሁሉ አበላሽቶት፣ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1994 ድረስ፣ ከሕመም ጋር ኖሯል። የራሱን ገላ «አመለኛ» ሊለው አይችልማ!

ዛሬ ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ይታወቃል፤ ቁስሉ ጠግጎም ነርቮች ደወላቸውን ላያቆሙ ይችላሉ። ያው ማኅበር በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ «አመመኝ» ያለ ሰው ቃሉ ይከበርለት ብሏል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እሺ፣ ያልደበቀውስ? እየደጋገመ የተናገረውስ? ለተለማማጁ ሐኪም ከመድኃኒቱ በፊት የሚያስፈልገው፣ «ምክንያቱን አላገኘሁትም፤ ግን አምንሃለሁ፣ ተመለስ» ማለትን መልመድ ነው።