ምንጣፍ ተሸክመው የሚሮጡት

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቷል። በአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን ጥምቀት ሲተርክ ስለ ገንዳው አብዝቶ ይናገራል። መሬቱ ተቆፍሮ ዙሪያው በሳንቃ ተለብጧል፤ በሳንቃው ላይ ሰም የጠጣ የጥጥ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ውኃው ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል። ሽማግሌው ቄስ በዚያ ብርድ እስከ ትከሻው ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያጠምቅ፣ ንጉሡ ከፍ ብለው ተቀምጠው ሲያዩ፣ ሁሉንም ጽፎልናል። ጉድጓዱን ማን ቆፈረ? ሰሙን ማን አቀለጠ? በዓሉ ሲያልፍ ያን ርጥብ ጨርቅ ማን ገፈፈ? እሱ ላይ ዝም ነው።

አልቫሬዝን ብቻ ለምን እንወቅሳለን? የራሳችን ትውፊትም የሚያስታውሰው ያዘዘውን ነው። ታቦታት በአንድነት እንዲወርዱ ያደረገው ላሊበላ ነው ይባላል፤ ሕዝቡ ታቦቱን ሸኝቶ እንዲመልስ ያዘዙት አፄ ናዖድ ናቸው ይባላል። ጎንደር ላይ የፋሲል መዋኛ ስሙ የንጉሡ ነው፤ ውኃውን ከቀሃ ወንዝ እየመለሰ የሚሞላው ሰው ግን ስም የለውም።

ቋንቋችን ግን ከታሪክ ጸሐፊዎቻችን የተሻለ ትዝታ ያለው ይመስለኛል። ጥር 10ን «ከተራ» እንላለን። ከተረ ማለት ገደበ፣ ውኃውን አቆመ ማለት ነው። የዋዜማው ቀን ስሙን ያገኘው ከንጉሥም ከጳጳስም ሳይሆን፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጅረት ውስጥ ድንጋይና ጭቃ ሲደረድር ከዋለው ሰው ሥራ ነው።

ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ ነኝ፣ ጎፋ አካባቢ። (ስሙ ራሱ አንድ ወግ ነው፤ ሽቦ የሌለው ስልክ እዚህ ሲተከል ሰው ድምፁ በነፋስ ነው የሚሄደው ብሎ አወጣለት ይላሉ አባቶች።) ብዙ ሰው የአዲስ አበባ ጥምቀት ሲባል ጃን ሜዳን ያስባል። ነገር ግን ደቡቡ የከተማው ክፍል የራሱ ጥምቀተ ባሕሮች አሉት። ከጎፋ ገብርኤል፣ ከመካኒሳ፣ ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከሃና ማርያም ታቦታቱ በየአቅጣጫው ይወጣሉ፤ መንገዱም ለሦስት ቀን የመኪና መሆኑ ይቀራል።

በዚህ መንገድ ላይ ነው ምንጣፍ ተሸካሚዎቹ የመጡት። በልጅነቴ ታቦት የሚያልፍበት ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ነበር። ቀዩ ምንጣፍ የተለመደው ከሚሌኒየሙ ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። የየሰፈሩ ወጣቶች ብር አዋጥተው ምንጣፍ ገዙ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠሩ፣ መንገድ ጠረጉ። ማንም አላዘዛቸውም።

አሠራሩን ላላየ ልንገር። ምንጣፉ መቼም ለመንገዱ ሙሉ አይበቃም። ስለዚህ ቁራጮቹ ከታቦቱ ፊት ይዘረጋሉ፤ ካህናቱ በዝግታ፣ በዝማሬ ያልፉበታል፤ የመጨረሻው ቄስ እግሩን ሲያነሳ ከኋላ ያሉት እየተንደረደሩ ይጠቀልሉታል። ከዚያ ስድስት ሰባት ሆነው በትከሻ ያነሱትና በሕዝቡ ጠርዝ በኩል «አሳልፉን! አሳልፉን!» እያሉ ወደ ፊት ይሮጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ጠራጊዎቹ አስፋልቱን ጨርሰዋል፤ ውኃ የሚረጩትም አልፈዋል። «ዘርጋ!» ይባላል። ደግሞ ወደ ኋላ። ታቦቱ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሯጩ ስንት እንደሄደ እናንተው አስሉት፤ ያውም ግማሹን ከነሸክሙ። ዘርጊና ጠቅላይ ይባባላሉ። በዚህ አገር «ጠቅላይ» ሲባል የሚታሰበው ሌላ ነው፤ እዚያ ግን ላቡ በአገጩ የሚንጠባጠብ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው።

ይህ ከየት መጣ? አንዳንዱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ነው ይላል፤ ልክ ነው፣ ግን ለእኔ ሙሉ መልስ አይደለም። እኔ ከእድር ጋር ነው የማያይዘው። የእድር ድንኳን እንዴት እንደሚተከል ያየ ልጅ ሌላ ሥልጠና አያስፈልገውም። ጡሩምባ ይነፋል፤ ተራ የደረሳቸው ይወጣሉ፤ ምሰሶ፣ ገመድ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብርጭቆ ከነቁጥሩ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ የጎደለው ብርጭቆ ተቆጥሮ ሁሉም ወደ ዕቃ ቤቱ ይመለሳል። መትከል ለሰው ዓይን ደስ ይላል። መንቀል ግን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። እድር ያስተማረን ይህን ሁለተኛውን ነው።

በመሀሉ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ቀበሌንም ወለደ። ያን ዘመን ያዩ ታላላቆቻችን «ውጡ» ተብሎ ስለመውጣት የሚነግሩን ብዙ ነው፤ መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ በተባለበት ዘመን ለመስከረም 2 ሰልፍ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ ነበር። «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል በእኛ አገር እስከ ዛሬ ትንሽ የሚጎረብጠው ለዚህ ይመስለኛል። ፈቃዱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ለምደናል። የምንጣፎቹ ልጆች ግን ስም የሚይዝባቸው የለም። የቀረውን ልጅ የሚወቅሰው ጓደኛው ብቻ ነው፤ እሱም በቀልድ።

በ2013 የሆነውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ወራት አለፉ፤ ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው የበሰበሰ ቲማቲምና ጎመን፣ የጭነት መኪና ጎማ ያረሰው ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት፣ ማለትም ወደ እኛው ክፍለ ከተማ፣ ተነሣና ሜዳውን የማጽዳት ዘመቻ ተጀመረ። ባለሥልጣን ለካሜራ አካፋ ያዘ፤ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ከየሰፈሩ አካፋና መጥረጊያ ይዘው የመጡት ወጣቶች ግን ካሜራው ከሄደም በኋላ እዚያው ነበሩ።

ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006፣ ጥምቀትን ደግሞ በ2012 ቦጎታ ላይ በተደረገው ስብሰባ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ደስ ብሎናል። የማይዳሰስ የተባለው ቅርስ ግን በጣም የሚዳሰስ ነገር ይፈልጋል፤ ትከሻ፣ መጥረጊያ፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ከሁሉም በላይ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ሰፈር። ምንጣፍ ከኋላህ የያዘውን ልጅ ካላወቅኸው በሕዝብ መሀል ተሸክመህ መሮጥ አትችልም፤ አንዱ ሲደናቀፍ ሰባቱም ይወድቃሉ።

እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከሳር ቤት በብስራተ ገብርኤልና በአቦ ማዞሪያ አድርጎ ወደ ላፍቶና ፉሪ ወርዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ለሯጮቹም ተመችቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። በመንገዱ ዳር ይኖር የነበረው ሰው ግን ተበትኗል። የእኛ ልጆች አንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ርቆ ሄዷል፣ አንዱ በኪራይ ሰፈር ይቀያይራል። ለከተራ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። እስላም ጎረቤቶቻችንም፣ በዚያ ቀን በር ላይ ውኃ በጆግ ይዘው ለሯጮቹ ያጠጡ የነበሩት፣ ከፊሎቹ አሁን የሉም።

ጥር 12 ማታ፣ ሚካኤል ከገባ በኋላ፣ ምንጣፎቹ ይራገፋሉ፤ ሰም የነካው ለብቻው ይለያል፤ በቀጣዩ ቅዳሜ በኦሞ ታጥበው አጥር ላይ ይሰጣሉ። ድሮ የሚቀመጡት በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ነበር። ዕቃ ቤቱ ፈርሷል። አሁን ሦስት ቤት ተከፋፍለዋል፤ ትልቁ ጥቅልል አንዲት እናት ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ ቆሟል። ልጃቸው ከጠቅላዮቹ አንዱ ነው። «ቦታ ያዘብኝ» ይላሉ፤ እንዲያነሱላቸው ግን እስካሁን አልጠየቁም።