ገዳዩ ሲወጣ በሩ ላይ ማን ቆመ?

የኮሪያ ፊልም የሚከታተል ሰው «ኪል ቦክሱን»ን ሳያየው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2023 በኔትፍሊክስ የወጣ፣ የዳይሬክተር ብዩን ሱንግ ህዩን ሥራ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሰው በመግደል የምትተዳደር፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ከቀጣሪ ድርጅቷ ጋር ያላት ውል ሊያልቅ ነው፤ ላድሰው ወይስ ልተወው እያለች ታመነታለች። ድርጅቱ ሦስት ሕግ አለው፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰ አይገደልም፣ ድርጅቱ ያልፈቀደው አይገደልም፣ የታዘዘ ሥራ ደግሞ አይተውም።

እዚህ ቢሾፍቱ ወጣቱ እንዲህ ያለውን ፊልም በስልክ እየተቀባበለ ያየዋል። (አክሽኑ ያምራል፤ አልዋሽም።) እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ዓይነት ፊልም ገዳዩ «በቃኝ» ሲል በሩን የሚዘጋበት አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪው ነው። እስቲ ይህንን ይዘን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። እኛም እኮ የሚያስገድል ድርጅት ነበረን፤ ስሙ ደርግ ነበር።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ፣ አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሳይ ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበረ። ከዚያ ወዲህ ግድያ የቢሮ ቃል ተሰጠው። የተገደለ ሰው «ተገደለ» አይባልም፤ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ነው። የቀበሌና የከፍተኛ ሹማምንት ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃዳቸው ደግሞ «ነፃ እርምጃ» ይባል ነበር። በፊልሙ ውስጥም ድርጅቱ ግድያን በስሙ አይጠራም፤ እንደ ትርኢት ሥራ ነው የሚያወራው። እርግጥ ደርግ በሬሳ ቁጥር አልከፈለም። እንዲያውም በእኛ አገር ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች አሉ።

ቀጣሪው የራሱን ገዳይ የበላበት ጊዜም አልጠፋም። የአራት ኪሎው የቀበሌ ሊቀመንበር ግርማ ከበደ ነፍሰ ጡር ሴት ሳትቀር ስላስገደለ ስሙ ከተማውን አንቀጠቀጠ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ደርግ ያን ሁሉ በእሱ ላይ ለጥፎ በ1969 ዓ.ም. ረሸነው። ይህ በቀጥታ ፊልም ነው።

ሌሎቹ ግን ወጡ። የሚዘጋባቸው በር አልነበረም።

ቀልቤሳ ነገዎ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። በ1980ዎቹ የአውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ፤ አትላንታ ውስጥ በአንድ ሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ፊልም ቢሆን ሙዚቃው ለስለስ ብሎ ያለፈውን የቀበረ ሰው ሻንጣ ሲሸከም ያሳየናል፤ እኛም እናዝንለታለን። ችግሩ እዚያው ሆቴል እጅጋየሁ ታዬ አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። ከፍተኛ 9 ውስጥ እሱ ባለበት የተገረፈች ሴት ናት። አየችው፤ ለየችው።

ቀጥሎ የመጣው ተኩስ አይደለም። እጅጋየሁ በዚያው እስር ያለፉትን ኤልሳቤጥ ደምሴንና ሒሩት አበበ ጅሪን አገኘች። ሦስቱ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990 በአትላንታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። በመካከሉ፣ በ1995፣ የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠው! አንዱ ቢሮ ገራፊ ነው ሲል ሌላው «እንኳን ደስ ያለህ» አለ። ያን ዜግነት እስኪያጣና እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ እስኪባረር ድረስ ብዙ ዓመት ፈጀ። እዚህ ደግሞ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ይጠብቀው ነበር።

እሸቱ ዓለሙም እንዲሁ ነው። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረ፣ በኋላ ሆላንድ ገብቶ ዜግነት አግኝቶ በሰላም ይኖር የነበረ ሰው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የሄግ ፍርድ ቤት በ75 ወጣት እስረኞች ግድያና በሌሎች ወንጀሎች ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በ2022 ይግባኙ ውድቅ ሆነ። እሱ ግን አልፈጸምኩም ብሎ ክዷል። በዚህ ችሎትም የተረፉት ሰዎች ከሌላ አገር ሳይቀር መጥተው ቆመዋል።

በሁለቱም ታሪክ በሩ ላይ የቆመው ቀጣሪው አይደለም። ዋናው ቀጣሪ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ራሱ ወጥቶ ሐራሬ ገብቷል። በሩ ላይ የቆመችው አስተናጋጇ ናት። ፊልሙ የማያሳየን ይህንን ነው። በፊልም የሟች ወገን ስም የለውም፤ ሁለት ደቂቃ ታይቶ ይወድቃል፤ ካሜራው ከገዳዩ ጸጸት ጋር ይሄዳል። እኔ ለዚህ ጸጸት ያለኝ ትዕግሥት እያለቀ ነው። ቀልቤሳም እሸቱም «መተው» የፈለጉት ሥራውን ነው፤ የሠሩትን መናገር አልፈለጉም።

እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ አትላንታ የለም፤ እድር ነው ያለው። በአንዱ ድንኳን፣ በአንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ያኔ ጠመንጃ ይዞ ሰፈር ያሸበረውና ልጇን ያጣችው እናት ንፍሮ ይቀባበላሉ። ትልልቆቹ ማን ምን እንደነበረ ያውቃሉ፤ «ተወው ልጄ፣ አለፈ» ይላሉ። የታረቁ እንዳይመስላችሁ። ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም።

ልዩ ዓቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙዎችን ከሷል፤ የደርግ አባላት በታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብለዋል። ያ መንገድ ግን ለክስና ለመከላከያ እንጂ ለመናገር የተሠራ አልነበረም፤ የተናገረ ይቀጣል፣ የካደ ደግሞ ዕድሉን ይሞክራል። በ2003 የሃይማኖት አባቶች ለታሰሩት ባለሥልጣናት ምሕረት ሲለምኑ የሟች ቤተሰቦች ተቆጡ። ምን አደረጉ ብለው ነው ይቅር የምንላቸው ነው ጥያቄያቸው። መስከረም 2004 ላይ ግን ብዙዎቹ ተፈቱ።

በሚያዝያ 9 ቀን 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጸደቀ፤ ጠርሙሱ ከተሰበረ ልክ 47 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዕለት። ወረቀቱ ላይ ክስም አለ፣ እውነት ማፈላለግም አለ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረትም አለ። የእኔ ጥያቄ ያነሰ ነው። ዛሬ ቢሾፍቱ ውስጥ አንድ ያኔ አብዮት ጠባቂ የነበረ ሽማግሌ «እኔ ነኝ፤ የተቀበረውም እዚህ ጋ ነው» ማለት ቢፈልግ በየትኛው ቢሮ በር ይገባል? ቀበሌ ሂድ ሊሉት ነው?